የእማማ እኔው ደጋን

በየቤተሰቡ አንድ «እኔው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ሲያፈስ «እኔው»፣ ጣሪያ ሲያንጠባጥብ «እኔው»፣ ጥርስ ሲነቃነቅ እንኳ ክርና የበር እጀታ ይዞ «እኔው» የሚል። በእኛ ቤተሰብ ይህ ማዕረግ የደረሰው ለአማቴ ነው። ሰፈርተኛው «እማማ እኔው» ይላቸዋል። እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ክብርት እማማ እኔው ሠላሳ ዓመት የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበሩ። አባታቸው ደግሞ አናጢ። እንዲህ ላለ ዘር ባለሙያ መጥራት ውርደት ነው። እሳቸው ቤት የኩሽናውን መብራት ስታበራ የመታጠቢያ ቤቱ ይጠፋል። «ቁጠባ ነው» ይላሉ። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ የጃንጥላ ሽቦ ነው። ቴሌቪዥናቸው ድምፅ የሚያወጣው ከኋላው ማንኪያ ሲሰካበት ነው። ሹካ አይሆንም፤ ሞክሬያለሁ።

ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ስትሠራ ኖርክ ብትሉኝ፣ መሰላል ስይዝ። እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች። «እኔው» የሚል ሰው ባለበት ሁሉ መሰላል የሚይዝ ሌላ ምስኪን አለ፤ ምስጋናው ላይ ግን ስሙ አይጠራም።

የአማቴ ባለቤት የሞቱት ዝናብ በሚበዛበት ወር ነው። ቁጥብ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ በሁለተኛው ወር፣ በተጋቡ ዓመት በእጃቸው የተከሉትን የግቢውን ዛፍ ነፋስ ጣለው። ሮቢንያ ይሉታል፤ እሾኹና ቅጠሉ ግራር ያስመስለዋል እንጂ ግራር አይደለም። እንጨቱ ግን መጥረቢያ የሚያስለቅስ ነው። ጎረቤት ለማገዶ ሲጠይቅ አማቴ አይሆንም አሉ። ቀጥ ያለውን የግንዱን ክፍል በሽብልቅ ሰነጠቅነውና ከስንጣሪዎቹ አንዱን መረጡ። እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀብተው አልጋቸው ሥር፣ በሟቹ በኩል አስተኙት።

«ለምን ይሆንዎታል?» አልኳቸው።

«ይድረቅ» አሉ። በዚሁ አበቃ።

ከዓመት ተኩል በኋላ፣ እኔ በሌለሁበት በአንድ ማክሰኞ፣ እማማ እኔው ብቻቸውን መሰላል ወጥተው ወደቁ። ቀኝ ትከሻቸው ተሰበረ። ሐኪም ያጠለቀላቸውን የክንድ ማንገቻ «ስፌቱ ጠማማ ነው» ብለው በግራ እጃቸው ፈትተው እንደገና ሰፉት። አጥንቱ ገጠመ፤ ክንዱ ግን አልታዘዝ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ላስቲክ ሰጥቶ በቀን ሠላሳ ጊዜ ይሳቡ አላቸው። ላስቲኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «ይሄ ለሙታንታ ነው» ብለው መለሱለት።

ባለቤቴ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«እማዬ፣ በቃ። እኛ ጋ ትመጪያለሽ።»

«ምን ሆኜ?»

«ድስት እንኳ ማንሳት አቅቶሻል!»

«ትንሽ ድስት እገዛለሁ።»

«ብትወድቂስ? ማን ይሰማሻል?»

እማማ እኔው ባዶውን ሳሎን ቃኙ። የሟቹ ካፖርት በር ላይ እንደተሰቀለ ነበር። «ሁለት ወር ስጪኝ» አሉ። «አባቴ ለሰባታችንም ልጆቹ የቀስት ደጋን ሠርቶልን ነበር። የትከሻ መድኃኒት እሱ ነው። ደጋን እሠራለሁ። ፊትሽ ቁጭ ብዬ አውታሩን እስከ አገጬ ከሳብኩት ከዚህ ቤት አልነቃነቅም። ካልሳብኩት ያልሽው ይሁን።»

ሥራው በረንዳ ላይ ተጀመረ፤ መጥረቢያው በእኔ እጅ፣ ትእዛዙ በእሳቸው አፍ። ነጩን የላይኛውን እንጨት ገፍፈን ወርቅማ ቢጫው ላይ ደረስን። «አንዷን የዕድሜ ቀለበት ተከትለህ ሂድ» ይሉኛል፣ «ከእሷ ከወጣህ ጀርባው ይከዳሃል።» ግንዱ ያወጣው ቀጥ ያለ እንጨት እስከ ደረቴ ብቻ ስለነበር ደጋኑ አጭር ሆነ። «ደግ ነው፣ ቁጭ ብዬ ነው የምስበው» አሉ። ሞረዱን እኔ፣ ጥቃቅኑን የመፋቅ ሥራ በብርጭቆ ስባሪ እሳቸው፣ በግራ እጃቸው። በየጥቂቱ እያጎበጡ፣ ሁለቱ ክንፎች እኩል መታጠፋቸውን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመለከታሉ። በረንዳው ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆነ።

አንድ ቀን እንጨቱን እያሻሹ እንዲህ አሉ፤ «ሲሳብ በውጭ በኩል ያለው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ እኔ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። አንዱ ካልቻለ ሌላው ብቻውን አይሸከመውም።» ከዚያ ዛፉ ቆሞበት ወደነበረው ጉድጓድ ዞሩ። ዝናብ ሞልቶት ነበር።

ደጋኑ ለሁለት ወሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አለቀ። መጀመሪያ ሲስቡት አውታሩ ስንዝር መጣ። በሳምንቱም ስንዝር። በሁለተኛው ሳምንት ስንዝር ከሁለት ጣት። በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ እስባለሁ ብለው ነበር፤ ከኩሽና ሆኜ ሲቆጥሩ እሰማለሁ፤ ዘጠኝ ላይ ድምፃቸው ይቆማል። አንድ ቅዳሜ ብቅ ብዬ ሳይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። መነጽራቸውን አውልቀዋል። ኮቴዬን ሳላሰማ ተመለስኩ።

የሁለት ወሩ ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። እኔ ቤት ለመጠበቅ ቀረሁ። አውታሩን ፈታሁ፤ ደጋኑን ሞርሳ ላይ አስሬ የብርጭቆውን ስባሪ አነሳሁ። ሆዱን ፋቅሁት። ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ አውታሩን እንደገና አስሬ ስሞክረው ለስለስ እስኪልልኝ ፋቅሁት። በብርጭቆ ወረቀት አለሳለስኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ፍቅፋቂውን ጠርጌ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። አማቴ እኛ ቤት ቢገቡ ከመሰላሉ የምገላገለው እኔው ነበርኩ፤ ታዲያ ምን ነካኝ?

ቅዳሜ ዕለት እማማ እኔው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሳቡ። አውታሩ ስንዝር አለፈ፣ ሁለት ስንዝር ሞላ፣ አገጫቸውን ነካ። ባለቤቴ እያለቀሰች አቀፈቻቸው። «አሸነፍሽ፣ እማዬ! አሸነፍሽ!» እሳቸው እኛን አላዩም። አውራ ጣታቸውን በደጋኑ ሆድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ። ከዚያ «እራት ሠርቻለሁ፣ ብሉ» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። «ብቻህን ና።»

ደጋኑ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል። የግራ ክንፉ ሆድ ላይ እንደ አሮጊት ከንፈር የተሸበሸቡ ጥቃቅን መስመሮች ይታያሉ።

«ይኼን አየኸው?»

«እንጨት አይደል፣ እያደር…»

«እያደር አይደለም። ያለ ልክ የተፋቀ ሮቢንያ እንዲህ ይሸበሸባል። ግራውን አብዝተሃል።»

ጆሮዬ ጋለ።

«መቼ አወቁ?»

«ያን ለታውኑ። ጣት የሠራውን ይረሳል?» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የደከመው ደጋኑ ነው ልጄ። እኔ አልበረታሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሦስት ሳምንት ፈልጌ ነበር። የሱን ካፖርት የምሰጠው ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ይቺን ቤትም ቁጭ ብዬ ማየት።» በሩን አሳዩኝ፤ መስቀያው ባዶ ነበር። «አሁን እመጣለሁ። ለሚስትህ ናፍቃችሁኝ ነው እላታለሁ። አንተም እንዳትነግራት። ልጄ በባሏ እንድታፍር አልፈልግም።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ለምኑ? በሰባ አንድ ዓመቴ እኔን ለማታለል ይህን ያህል የለፋ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

በማግስቱ ጠዋት በመኪና ወሰድኳቸው። ይዘንብ ነበር። ደጋኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ከእሳቸው ቤት እኛ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። አሥራ አምስት ዓመት «ምነው ከዚያ ቤት በወጡልኝ» ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ጠዋት ቀይ መብራት ሁሉ እንዲይዘኝ ስጸልይ ነበር። በማላውቀው መንገድ ሁሉ አዟዟርኳቸው። አንድ ሰዓት ፈጀሁ። እሳቸው በመስኮቱ ዝናቡን እያዩ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ወዴት ነው?» አላሉኝም።