ዶን አንሴልሞ አይናደዱም

በየሰፈሩ አንድ «ተረጋጉ» ባይ አለ፤ ቤት ሲቃጠል ባልዲውን ትቶ ምክር ይዞ የሚደርስ ሰው። እኛ የባኒ ከተማ ሰዎች ዘንድ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር ዶን አንሴልሞ ፔጌሮ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በዶሚኖ ጨዋታ ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ ወገን።

ለዓመታት ያብሰለሰለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የዚህ ሰው ንዴት የት ነው የሚገባው? የቤዝቦሉ ፍጻሜ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ጮኸ፤ እኔ ኮፍያዬን መሬት ላይ ጥዬ ረገጥኩት። ዶን አንሴልሞ «ተረጋጉ፣ መብራት ነው፣ ይመጣል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። መብራቱ ሲመጣ አንድ ጆንያ ካሳቫ ልጠው ጨርሰው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሰፈራችን ካሳቫ ሲበላ ሰነበተ።

የልጅ ልጃቸው ኖሬሊ ግን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ዘንድ ተደብቆ የሚያድር ስሜት የለም። ጠዋት ከጓደኛዋ ጋር ላይገናኙ ይቆራረጣሉ፤ ከሰዓት ተቃቅፈው አይስክሬም ይልሳሉ። የሳሙና ማስታወቂያ አይታ ታለቅሳለች።

«ተረጋጊ የኔ ልጅ» ይሏታል። «ትልቅ ሰው ስሜቱን ልጓም ያስገባለታል።»

«አባባ፣ ያንተን እኮ ፈረሱንም አይቼው አላውቅም!»

ዋና ከተማ የምትሠራው እናቷ ትምህርት ቤት አገኘችላትና እሁድ ልትወስዳት ሆነ። ከሕፃንነቷ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። «ብሄድ ምን ይሰማሃል?» ብላ ስትጠይቃቸው «ትምህርት ጥሩ ነገር ነው» ብለው ሸሚዝ መተኮስ ጀመሩ። በሩን በኃይል ዘግታ እኔ ጋ መጣች።

«ዶን ቴኦፊሎ፣ ቅሪ ይበለኝ አላልኩም» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ብቻ ትንሽ ይክፋው! ምንም ሳይመስለው እንዴት ጥዬው ልሂድ?»

«ይከፋቸዋል» አልኳት።

«በምን አወቁ?»

ስለ ካሳቫው ላነሳላት አሰብኩና ለማስረጃ አነሰኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ልማዳችን የሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ለዶሚኖ ተሰየምን። ከጠጠሮቹ ሁሉ የከበደችው ድርብ ስድስት ናት። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው በጊዜ ይጥላታል፤ ከዘገየ መግቢያ ታጣና እጁ ላይ ትቀራለች። እኔ ሁለት ጊዜ መንገድ ከፈትኩላቸው። ክቡርነታቸው ሌላ ሌላውን ይወረውራሉ፤ ዓይናቸው ኖሬሊ ሻንጣዋን የምታናፍስበት በረንዳ ላይ ነው። በመጨረሻ ሌሎቹ ስድስቶች ሁሉ አለቁና ድርብ ስድስት እጃቸው ላይ ታንቃ ቀረች።

እንዲህ ሲሆን እኛ ጋ ለጠጠሯ የቀልድ ለቅሶ ይደረሳል። ተጋጣሚያችን ራዳሜስ ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ።

«ወዳጅ ዘመድ! ድርብ ስድስት ዛሬ ተለይታናለች!»

«ነፍስ ይማር!» አለ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት ዶን አንሴልሞ» አለ ራዳሜስ እጃቸውን ይዞ። «ምነው፣ ገና ልጅ አልነበረች!»

ዶን አንሴልሞ «ተረ...» ብለው ጀመሩ። የቀረው አልወጣ አላቸው። ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ራዳሜስ ኮፍያውን መልሶ ያድርግ አያድርግ ግራ ገባው።

«ኧረ ዶን፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነው...»

«ነገ ትሄዳለች» አሉ።

ኖሬሊ ከበረንዳው ሰምታ ሮጣ መጣች። ለሳሙና የምታለቅሰዋ ልጅ አንዲት እንባ ጠብ አላደረገችም። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ወደ እኛ ዞረች።

«ምን ታፈጣላችሁ? ሰው ሲያለቅስ አይታችሁ አታውቁም? በሉ በውዙ!»

ሽበታም ሁላ አንገታችንን ደፍተን በወዝን። ያን ሁሉ እርጋታ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከእሳቸው ወርሳው ይሆን? ወይስ ከሁለት አንዳቸው ሲያለቅሱ ሌላው ራሱን መያዝ ስላለበት?

«ከፋኝ» አሏት፣ በአደባባይ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን። «በጣም ከፋኝ የኔ ልጅ። ግን ሂጂ።»

ያን ጊዜ ወደድኳቸው ብል ውሸት ነው፤ ድሮም እወዳቸዋለሁ። ግን ተነሥቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኖሬሊ ፊታቸውን በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችላቸው፤ ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«እሺ አባባ» አለች። «አሁን መሄድ እችላለሁ።»