የቀዳዳው ምረቃ

ሥልጣኔ ወደየአገሩ የሚገባበት የየራሱ በር አለው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያችን የገባው በቁምሳጥን ነው። ሌሎች ጣቢያዎች እንዳይቀኑ ስሙን አልጠራውም። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝና ታሪኩን ከጅምሩ አይቼዋለሁ።

ኃላፊያችን አቶ አለምነው ታላቅ ሰው ናቸው። ሌላው ኃላፊ ስለ ውኃና ስለ መድኃኒት እጥረት ሲያለቃቅስ፣ እሳቸው ዋናውን ችግር ለዩት፤ የክትባት ክፍሉ ግድግዳ ባዶ ነበር። እንግዳ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነውና አናጢው ሙሐመድኑር ተጠርቶ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ቁምሳጥን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ሠራ። የክትባቱ ፍሪጅ በመሐሉ እንደ ሙሽራ ተሰየመ። ገመዱና ሶኬቱ ከሳንቃው ጀርባ ቀሩ።

ምስማሩ ከመመታቱ በፊት የክትባቷ ነርስ ሲስተር ፈንታዬ እጅ የሚያስገባ መክፈቻ እንዲተው ለምና ነበር። አቶ አለምነው ቀዳዳ የተቋምን ገጽታ እንደሚያጎድፍ አስረዷት።

ቁምሳጥኑ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ። በአገራችን ወግ ሼህ ሙእሚንና ቄስ አድማሴ ጎን ለጎን ቆመው "ከቤታችሁ አይጉደል" ብለው መረቁን፤ ገሚሳችን አሚን፣ ገሚሳችን አሜን አልን።

ብዙም ሳይቆይ ከቁምሳጥኑ ጀርባ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ፍሪጁ ዝም አለ። ሲስተር ፈንታዬ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍታ፣ መጋዝ ይዛ ወደ ኃላፊው ሮጠች። ፍሪጁ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት አለ፤ በማግስቱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ።

"ሳንቃው ይቆረጥ" አለች።

"አይጉደል ተብሎ የተመረቀ ነገር?" አሉ አቶ አለምነው። "እኔ በሽማግሌ ቃል ላይ መጋዝ አላነሣም።"

ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ወደ ጎረቤት ጣቢያ ልውሰደው ብትል፣ ገመናን ለጎረቤት ማሳየት ነው ተባለች። ይልቅ የሶኬት ተደራሽነት ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት ከተወያየ በኋላ ሳንቃው ላይ "ከዚህ ጀርባ ሶኬት አለ" የሚል ጽሑፍ አስለጠፈ። ተደራሽነት የሚጀምረው ከማወቅ ነውና ውሳኔው ሊደነቅ ይገባል።

ፈንታዬ ግን አላረፈችም፤ ሄዳ ሼህ ሙእሚንን ይዛቸው መጣች።

"አለምነው፣ እኛ ጣውላ ስንመርቅ አየኸን?" አሉ ሼሁ። "ዱዓችን ለሕፃናቱ ዓፊያ፣ ለጤናቸው ነው። አሁኑኑ ቁረጠው።"

አቶ አለምነው እጅ ነሥተው ተስማሙ። ነገር ግን ቁምሳጥኑ ተመርቆ ቀዳዳው ሳይመረቅ ቢቀር አድልዎ ስለሚሆን፣ እንግዶች እስኪጠሩና ሪባን እስኪገዛ ሥራው ይቆይ አሉ። ሼሁ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ክትባቱ እዚያው ተበላሸ፤ የመጡት እናቶችም በምረቃው ቀን ተመለሱ ተባሉ። ፈንታዬ አለቀሰች። የልማት ስሜት እንደሚጎድላት በኮሚቴው ተገምግሟል።

ምረቃው እጅግ አማረ። ሳንቃው ተቆረጠ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የተቃጠለውን ሶኬት ቀየረ፤ ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር አዳራሽ የሚያናጋ ጭብጨባ ተሰማ። አቶ አለምነው ስለ ቀዳዳ ጥቅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ረጅም ስለነበር ፍሪጁ በደንብ ቀዘቀዘ።

ከቆላው በእግሯ የመጣች አሰጋሽ የምትባል እናት ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በመንደሯ ኩፍኝ ገብቷል፤ የጎረቤቷ ልጅ ተቀብሯል። ባለፈውም መጥታ ባዶዋን ተመልሳለች። አቶ አለምነው እንግዶቹ እያዩ ወደ ውስጥ ጠሯትና በገዛ እጃቸው ፍሪጁን ከፈቱላት። ከላይ እስከ ታች ለእንግዶች የተደረደረ ለስላሳ ነው። አንዱን ጠርሙስ አውጥተው ሰጧት።

አሰጋሽ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው።

"ጋሼ፣ ይኸ ኩፍኝ ይከላከላል?" አለች።

"ወቅታዊ ጥያቄ ነው" አሉ አቶ አለምነው፤ አጨበጨቡላት። እኛም አጨበጨብንላት።