ምንም የማያልፋቸው እትዬ ጥርጣሬ

እትዬ ጥርጣሬ የሌሉበት መሥሪያ ቤት የለም። አለ የሚል ካለ በደንብ አልፈለገም። ሰው ሁሉ "አለቀ! ተገላገልን!" ብሎ ሲያጨበጭብ፣ ከኋላ ወንበር መነጽራቸውን ገፋ አድርገው "አንዴ ቆዩማ" የሚሉት ሴትዮ እሳቸው ናቸው። እርስዎም ያውቋቸዋል። ሸሽተዋቸውም ይሆናል፤ አልፈርድብዎትም።

የኛዋ እትዬ ጥርጣሬ በዩኒቨርሲቲ ክፍላችን ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረዋል። ሥራችን የማሽን ለርኒንግ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ ኮምፒውተር ይሠራል" ትላለች፤ ኮምፒውተሬ ሲበላሽ ቴክኒሻን እንደምጠራ አልነገርኳትም። ማሽን ከምሳሌ ተምሮ ሲያበቃ፣ ያላየው ነገር ሲመጣበት ምን ያህል እንደሚሳሳት አስቀድመን በሂሳብ እናረጋግጣለን። ያለን ዕቃ ነጭ ሰሌዳ፣ እርሳስና ጭንቀት ነው።

የክብርት እትዬ ጥርጣሬ መሣሪያ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ናት፦ "ይቺ መስመር ከየት መጣች?" በለሰለሰ ድምፅ ነው የሚጠይቁት፣ የጠፋባቸውን እስክሪብቶ እንደሚጠይቅ ሰው። አንድ ጊዜ ስመ ጥር እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ስልሳ ገጽ ሊያቀርብልን ቆመ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እሳቸው ጠየቁ። ሰውዬው አርባ ደቂቃ መለሰ፣ አጠፋ፣ እንደገና መለሰ፣ ኮቱን አወለቀ። አራተኛውን ገጽ እስከ ዛሬ ያየው የለም።

ሊፍት እንኳ አያልፋቸውም። "አስር ሰው ይችላል" የሚለውን ጽሑፍ አንብበው፣ "ምን ምን ያህል የሚመዝን አስር ሰው?" አሉ። ተያየን። ከመካከላችን አንዱ ወፈር ያለ ነበር፤ እሱ መጀመሪያ ወረደ፣ ከዚያ ሁላችንም ተከተልነው። አምስተኛ ፎቅ በእግር ወጣን፤ እሳቸው ግን ጥያቄያቸውን ጠይቀው ሲያበቁ ብቻቸውን በሊፍት ሄዱ።

ይሄ ሁሉ የሚያስቀው በሰው ላይ ሲደርስ ነው። ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ። የአራት ዓመት ኮንትራቴ ሊያልቅ ሦስት ወር ከምናምን ቀርቶታል፤ የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶኝ "የምርምር ጽሑፍህ ለዘንድሮው ጉባኤ ካለፈ እናድሳለን፤ ካላለፈ እጄ አጭር ነው" አለኝ። ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ማታ ማታ በሩን ሳልከፍት "አለቀ?" ትለኛለች። "ሊያልቅ ነው" እላለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ረስቻለሁ።

እና እትዬ ጥርጣሬን ሸሸኋቸው። በኋላ ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። ምሳዬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደብቄ በላሁ። ኮሪደር ላይ ጫማቸውን ስሰማ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ "አቤት፣ አቤት" እያልኩ አለፍኩ። ጽሑፌንም የማትመው ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ ነበር፣ የኛን ፎቅ ፕሪንተር እሳቸው ይጠብቁታል ብዬ።

የመጨረሻው ቀን አርብ ነው፤ ገደቡ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ላነበው እንዲታተም አዘዝኩ። የሦስተኛ ፎቁ ማሽን ወረቀት ጨርሶ ኖሮ፣ ኮምፒውተሬ ደግ የሠራ መስሎት ወደኛው ፎቅ አዞረልኝ። ሮጬ ስደርስ ፕሪንተሩ ላይ አንድም ወረቀት የለም።

አራት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ገጽ ዘጠኝ። ይቺ መስመር ከየት መጣች?"

"የትኛዋ?" አልኩ። የትኛዋ እንደሆነች አሳምሬ አውቃለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷ ጋ ስደርስ ዓይኔን ፈጠን አደርግ ነበር።

"ከሺህ ሞዴሎች አንዱን መርጠሃል። የመረጥከው ዳታውን አይተህ ነው፣ አይደል?"

"ነው።"

"ታዲያ እዚህ ጋ ዳታውን ጭራሽ እንዳላየ ሰው ሆነህ የምትቆጥረው ለምንድን ነው?"

ወይ ጉድ! መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ፈተናውን ደፈነ ብሎ መመስከር ማለት እኮ ነው። በየዓመቱ ለጀማሪዎች "በዚህ እንዳትሳሳቱ" ብዬ በቀይ የማሰምርበት ስህተት!

"የጉባኤው ገምጋሚዎች አያዩትም" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

"ላያዩት ይችላሉ። እኔም ለማንም አልናገርም፣ ጽሑፉ ያንተ ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "እርስዎስ ባያዩት ምን ነበረበት?" ብዬ አምባረቅኩ። "ልጅ ሊወለድልኝ ነው እኮ! በምን ላሳድገው ነው፣ በጥያቄዎ?" ኮሪደሩ ላይ አንድ በር ተከፈተና ቶሎ ተዘጋ። እንዲህ ብዬ ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እርሳስ መቅረጽ ጀመሩ።

"ስንት ሰዓት አለን?"

"ስምንት።"

"ይበቃል አልልህም። ጀምር።"

ዳታውን ለሁለት ከፈልነው፤ በግማሹ ሞዴሉን መረጥን፣ ምርጫችን ባላየው ግማሽ ፈተንነው። ሲሉት ቀላል ነው። ገጽ ዘጠኝን ስናቃና ገጽ አስራ አንድ ተበላሸ፣ አስራ አንድን ስናቃና መደምደሚያው አጠረብን። ያ የኮራሁበት ቲዎረም በዳታው ግማሽ ብቻ ስለቆመ የሚሰጠው ዋስትና ላላ። ምሳ የበላ የለም። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

"ምንም የለኝም" አሉ።

"እንዴት ምንም የለኝም? እንደገና ይዩት እንጂ፣ በሞቴ!"

"አየሁት እኮ።"

"ገጽ ዘጠኝንስ?"

"አየሁት አልኩህ!"

አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። አስር ደቂቃ ሲቀረው ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት።

መልሱ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። ሴት ልጄ ያን ቀን አርባ ቀኗ ነበር። አንደኛው ገምጋሚ "ውጤቱ መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን ትክክል ነው" ብሎ ጽፏል። በጭንቅ አለፈ፣ ኮንትራቴም ለሁለት ዓመት ታደሰ። ለባለቤቴ ነግሬያት ስንላቀስ ቆየንና ወደ እትዬ ጥርጣሬ ቢሮ ሄድኩ።

"ያን ቀን ስለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

ይቅርታዬን ያልሰሙ መስለው ወረቀት አስተካከሉ። "እኔም ፈርቼ ነበር" አሉ። "ገጽ ዘጠኝን ሳየው፣ ጽሑፉ ከወደቀ ትሄዳለህ ብዬ። ቢሮህን ለማን ሊሰጡት እንደሆነ ኃላፊውን ጠይቄው ነበራ።"

"ለማን ሊሰጡት ነበር?"

"የሂሳብ ማረጋገጫ ለማይጽፍ ልጅ። ሙከራ ብቻ ነው አሉ የሚሠራው። ማሽኑን ያስነሳል፣ ውጤቱን ያያል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "እስቲ አስበው። ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር ምን ልጠይቀው ነው?"

አንጀቴን በሉት። ብብቴ ስር የያዝኩትን አስራ አራት ገጽ አዲስ ጽሑፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።