የመምህር ይሻው ሜትር

በየሰፈሩ አንድ ለኪ አይጠፋም። የሰው ቤት ሲገባ በሩን በስንዝር ሳይለካ አያልፍም፤ ጠላ ሲቀርብለት ከመቅመሱ በፊት ጣሳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቃል። የኛን ሰፈር እግዜር በዚህ አልበደለውም፤ ክቡርነታቸውን መምህር ይሻውን ሰጥቶናል።

ደብረ ታቦር ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከፊዚክሱ አይደለም። ጉልት ቸርቻሪዋ ፈንታነሽ ድንች ስትመዝን፣ "ሚዛንሽ ባዶውን ስንት ያነባል?" ይሏታል። ለቅሶ ቤት ገብተው የሟችን ዕድሜ ይጠይቃሉ። "ሰባ ሁለት" ሲሏቸው፣ "ሲደመር ሲቀነስ ስንት?" ይላሉ። አልቃሿ እንኳ ሙሾዋን ትታ ዞር ብላ ታያቸዋለች።

ሰባት ዓመት ኩዌት የሰው ወለል ወልውዬ የሠራኋት ቤቴ ተዳፋቱ ላይ፣ ከሳቸው ቤት ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከእናቴ ጋር እንኖርባታለን። ባለፈው ሐምሌ መምህር በየማለዳው ከጉሙ ውስጥ ብቅ እያሉ ከግድግዳዬ እስከ ግድግዳቸው ይለኩ ጀመር። የሜትሩን ጫፍ የምይዝ እኔ ነኝ። ስድስት ሜትር ከአርባ ሆነ። በሳምንቱ ስድስት ሜትር ከአርባ ሦስት።

"ተሳስተው ነው" አልኳቸው።

"አንድ ልኬት ልኬት አይደለም። እንደገና!"

ሦስቴ ለካን፤ ያው አርባ ሦስት። በማግስቱ ሜትሩን ቀየሩ፤ አርባ አራት። ሰንበት ብሎ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብለው እኔን አስነበቡኝ፤ አርባ ስድስት። ውሻቸው የራሱን ደጅ ትቶ እኛ ደጅ ማደር ጀመረ። በራቸው ነፋስ ሳይኖር ለብቻው ይከፈታል። በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል የወጠሩት ሲባጎ አንድ ጠዋት ተበጥሶ ጭቃ ላይ ተገኘ፤ ማንም አልነካውም። እናቴ፣ "እኒህ ሰው በሜትራቸው የተኛውን መሬት ቀሰቀሱት" ብላ አማተበች። እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ፈገግ ይላሉ።

አርባ ዘጠኝ የሞላ ዕለት አልቻልኩም። "ኧረ መምህር፣ ስህተት ነው ይበሉኝና ልተኛበት!"

"ስህተት እንደ ሰካራም ነው፣ አንች ልጅ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ይላል። ይኸ አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ አላለም። መሬቱ እየሄደ ነው።"

እናቴን ይዤ የት ልግባ? "የማን ቤት ነው የሚሄደው?"

ደብተራቸውን ገለጡ። "ከሐምሌ ወዲህ፣ ከበላዬ ካለው ከማይነቃነቀው ቋጥኝ ቤቴ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ርቋል። ካንችም ግድግዳ ዘጠኝ። ከዘጠኝ ቢያንስ ኖሮ ያንችም አብሮ እየሄደ ነበር። እኩል ነው። ያንችስ ባለበት ቆሟል፣ ተመስገን!"

"የርስዎንስ መቼ አወቁት?"

"በሰኔ።"

ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። ከሰኔ ጀምሮ እኒህ ሰው በሚሄድ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ያደሩት የኔን ሊያጣሩ ነው፤ ፈገግታቸውም የኔ በመቆሙ ኖሯል። እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት።

ሳላስፈቅድ ገብቼ ፍራሻቸውን ተሸከምኩ። እየተሟገቱኝ ተከተሉ። ደጃፌ ልንደርስ ስንል ከኋላችን፣ ጉሙ ውስጥ፣ ከቤታቸው በኩል አንድ ነገር ቀስ ብሎ ተሰነጠቀ። መምህር ሜትራቸውን ይዘው ሊመለሱ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ይኸኛውን አይለኩት" አልኳቸው፣ አስገባኋቸውም።