የመኪናችን ቅርጫ

ሰው ሲያረጅ ምግብ ይቀንሳል። መኪና ስታረጅ ግን ይብስባታል። በተለይ በወጣትነቷ የባለሀብት የነበረች እንደሆነች አያድርስባችሁ፤ ያ ሀብታም ያስለመዳትን አመል ሁሉ ይዛ ነው ወደ እናንተ የምትመጣው። ተራ ዘይት አትጠጣም። ያገኛችሁትን ጎማ አትጫማም። አንድ ቦታ ቅር ሲላት ዳሽቦርዷ ላይ የሚበራው ቀይና ቢጫ መብራት ሰርግ ያለበት ቤት ያስመስላታል።

የእኛዋን ባለቤቴ ታደሰ ሥራው ከቀዘቀዘበት አንድ ኮንትራክተር ላይ ነው የገዛት። ታደሰ እዚህ ቆቦ ጤፍና ማሽላ ይነግዳል፤ እኔ አስተምራለሁ። ለዚህ ኑሮ አንድ ፒክአፕ ይበቃን ነበር። ግን እሱ የቆዳ ወንበሯን ሲዳብስ፣ እኔም ጣሪያዋ ላይ ያለውን መስኮት ሳይ ልባችን ጠፋ። እስቲ ንገሩኝ፣ በቆቦ ፀሐይ ጣሪያ ላይ መስኮት ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ከፍተነው አናታችን ሊፈላ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ ወዲህ በካርቶን ደፍነነዋል። ነዳጁን አላነሳም። ለቦሎ ስትቀርብ የሚያስፈልጋትን አላነሳም። «ባለ መኪና ናቸው» ተብሎ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚጨመርብንን ደግሞ ባነሳ እግዜር ይታዘበኛል።

ትልቁ ጭንቅ እግሯ ነው። እንደ ሌሎቹ በብረት ሞላ አትቆምም፤ አየር በተሞላ ጎማ መሰል ከረጢት ላይ ነው የምትቀመጠው። ከረጢቱ ሲያረጅ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። ዋጋው ሲነገረው ታደሰ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያየዋል፣ የተሳሳተው ስልኩ ይመስል። ወልድያ ያለው መካኒክም «ከሁለት ሰው በላይ እንዳትጭኑባት» ብሎ አስጠነቀቀን። እናም ሰባት ሰው የምትይዝ መኪና ገዝተን ለሁለት እንንሳፈፍባት ጀመር። በገበያ ዕለት ከጎብዬ ስንመለስ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ከመንገዱ ዳር አስቀምጠው እጃቸውን ያነሳሉ። ታደሰ ፊት ለፊቱን ያያል። እኔ ስልኬን አያለሁ። ኔትወርክ እንኳ የለም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አራቱም ከረጢቶች ተንፍሰው፣ መኪናችን ግቢው መሃል እንደ ግመል ተንበርክካ ጠበቀችን። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከኋላችን የሚመጣው ምእመን ሁሉ አያት። ደነገጥኩ። ለካ ድንጋጤው ገና ነው።

ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ አያ መኮንን መንደሩን አስከትለው ገቡ። አጥሩን ተደግፈው እንደ ለቅሶ ቤት በተርታ ተቀመጡ። እዚህ እኛ ዘንድ የሰው በሬ ወድቆ እግሩ ሲሰበር በሬው ይታረድና ሥጋው በመደብ ይከፈላል። እያንዳንዱ ጎረቤት መደቡን አንስቶ ይከፍላል፤ ሥጋው ሰባ ከሳ የሚል የለም፤ ባለ በሬው ሌላ በሬ ይገዛበታል።

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሙሉ» አሉኝ አያ መኮንን። «ይቺ አትታረድ ነገር ሥጋ የላት። መውደቅ ግን መውደቅ ነው።»

ብለውም ከጋቢያቸው ሥር ገንዘብ አውጥተው መሬት ላይ አኖሩ። ሌላው ተከተለ። አንዱ ማሽላ በቁና ይዞ መጥቷል፤ የዘንድሮ ማሽላው እንደማይረባ አውቃለሁ። ቀጥለው አደይ ለተብርሃን ተነሱ። በወጣትነታቸው ከትግራይ መጥተው፣ ከቤታችን አጠገብ ጨውና በርበሬ ሲነግዱ ጉልበታቸው ያለቀ እናት ናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።

«አደይ፣ እርስዎ ደግሞ ምን በወጣዎት» አልኳቸው።

«ዝም በይ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ባለፈው ጎብዬ መንገድ ላይ ስታልፉኝ እኮ ነው መታመሟ የገባኝ። ደህና ብትሆንማ እናንተ እኔን ጥላችሁ ትሄዱ ነበር?»

ፊታቸውን መረመርኩ። ሽሙጥ የለበትም። ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ታደሰን ጓዳ አስገብቼ «መልስላቸው» አልኩት።

«የእድርተኛ እጅ መልሼ ነገ ማን ሊቀብረኝ ነው?» አለኝ።

ብቻዬን ወጣሁና ተናገርኩት። ይቺ አታርስም፣ ለማንም አልጠቀመችም፣ እኛም ለመታየት ብለን የገዛናት ናት፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን አንሱልኝ አልኩ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ቀስ ብሎ «ይህንንማ እናውቃለን» አለ።

አያ መኮንን አሰብ አደረጉ። «በበሬ ጊዜ የከፈለ ሰው ሥጋውን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ሥጋ የለም። እንግዲያው መደባችንን በመንገድ፣ እየተሳፈርንባት እንወስዳለን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የታደሰ ፊት አመድ መሰለ።

በመዋጮው ከረጢቱ ወጥቶ የጭነት መኪና ሞላ ገባላት። አሁን እንደ ጋሪ ታንገጫግጫለች፤ ግን የጫኑባትን ትሸከማለች። የቆዳ ወንበሯ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የፊቱ ወንበር የአደይ ለተብርሃን ነው፤ እኔ ከኋላ ከዶሮዎቹ ጋር ነኝ።

በቀደም ከደሴ አንድ ገዢ መጣ። የጠራው ዋጋ ለእኛም፣ የጎረቤቶቻችንን መደብ ለመመለስም የሚተርፍ ነው። «ባለቤቷ አንቺ ነሽ?» ሲለኝ አዎ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁትና፣ ሰውየውን ይዤ አደይ ለተብርሃን ሱቅ ሄድኩ።

አደይ ዋጋውን በጥሞና ሰሙ። ሰውየውንም ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሁን፣ ወደይ፣ ልጄ፤ ውሰዳት» አሉት። «እኔ የገበያ ዕለት ጎብዬ በምን ልሄድ ነው?»

ሰውየው መልሱን ከእኔ ፈልጎ ዞረ። እኔ ደግሞ ከእሱ እየጠበቅሁ ነበር።