የፕላስቲኩን ጥግ ማን ያንሳው?

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ወለሉ ላይ ነው። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ድሮ እንደማንኛውም ጨዋ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አይቼ «ይሄ ልጅ እንዲህ አደገ?» እል ነበር። ያበላሸኝ የክረምት ሥራ ነው።

አርባ ምንጭ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ታብሌት ተሰጥቶኝ ቤት ለቤት ለሚካሄድ ጥናት ተሰማራሁ። ጥያቄው ብዙ ነው። ውኃ ከየት ይቀዳል? ወጥ በምን ይበስላል? እኔን የፈጀኝ ግን አንዱ ነው፤ የቤቱ ወለል ከምን ተሠራ? አፈር፣ እበት፣ ቀርከሃ፣ ጣውላ፣ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ ይላል። ከሥሩ ደግሞ «አትጠይቅ፤ አይተህ ሙላ» የሚል ትእዛዝ አለ። ቀላል ይመስላል አይደል? ይህን የጻፈ ሰው የወለል ፕላስቲክ አያውቅም ማለት ነው። ገበያ ላይ በጥቅል የሚሸጠውን፣ ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ የሚመስለውን ነው የምላችሁ። አሠልጣኛችንን ብጠይቃቸው ጥጉን ገለጥ አድርገህ ከሥር ያለውን መዝግብ አሉኝ። የሰው ቤት ገብቶ ምንጣፍ መግለጥ! እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ነበር?

ኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከሙዝ እርሻ አጠገብ አንድ ቤት ገባሁ። ስም አልጠራም፤ ምስጢር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ። ባለቤቷ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው፤ እማማ እንበላቸው። «ቤት ለእንግዳ!» ብለው አስቀመጡኝና ፎሰሴ አቀረቡልኝ፤ የበቆሎው ድብልብል ከሽፈራው ቅጠሉ ጋር፣ ከጎኑ ዳጣ። አገሩ ደግ ነው፤ ይሄ ግን ከደግነትም በዛብኝ።

መጠየቅ ጀመርኩ። ጣሪያው? አዲስ ቆርቆሮ ነው አሉ፤ እኔ ዝገቱን እያየሁት። ከብት? ጨንቻ ዘመድ ዘንድ ሞልቶናል አሉ። ሽንት ቤት? ሁለት! ሁለተኛውን ፈልጌ አጣሁት። ወለሉ ጋ ስደርስ ሳልጠይቃቸው «ሴራሚክ ነው ልጄ፤ ታየዋለህ» አሉ። እውነትም ያብረቀርቃል። ልለፈው ብዬ ነበር። ግን ሴራሚክ ሲረግጡት ይረግባል እንዴ? ይቅርታ ጠይቄ ጎንበስ አልኩና ጥጉን ገለጥኩ። በእበት የተለቀለቀ፣ ንጹሕ መሬት።

የእማማ ዓይን እንባ ሞላ። «ልጄ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፤ እዚያ ሄደህ እንዳትነግርብኝ። የእነሱ ቤት እብነ በረድ ነው አሉ። ልጄ ጎበዝ ናት፤ በወለል አትለካብኝ።» የት ሄጄ? ለማን? ቀስ ብሎ ገባኝ። ለካ ልጃቸውን አንድ ወጣት ጠይቋል፤ ሽማግሌ በሳምንቱ ይመጣል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከሽማግሌ በፊት ቤቱን አየት አድርጎ፣ ቤተሰቡን አጣርቶ የሚመለስ ሰው አይጠፋም። እማማ እኔን ያ ሰው አድርገውኛል! ጥናት ነው ብዬ ታብሌቱን አሳየኋቸው። «አዎ፣ ዘንድሮ ሁሉ ነገር በታብሌት ሆኗል» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት፤ አልዋሽም። ለማንም እንዳልናገር ማልኩላቸው፣ «እበት» የሚለውን ነካሁና ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን በጫሞ ሐይቅ በኩል ያለ መንደር ደረሰኝ። የገባሁበት ቤት አባወራ ዓሣ ነጋዴ ናቸው። ወለሉ እብነ በረድ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። ጥጉን ልገልጥ ስጎነበስ አባወራው ቀድመው ቆሙበት። ወደ ሌላው ጥግ ሄድኩ፤ እሳቸውም ሄዱ። ወደ ሦስተኛው ስዞር ደልደል ያሉት ባለቤታቸው ወንበር አምጥተው ተቀመጡበት። አራተኛው ላይ ቁም ሳጥን አለ። ቁም ሳጥን ይገፋል እንዴ?

«መምህር» አሉኝ አባወራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የልጅቷ እናት ናቸው የላኩህ፣ አይደል?»

ለካ የእማማን ልጅ የጠየቀው ወጣት ቤት ነው! እሳቸው ቀጠሉ። የልጅቷ ቤት ሴራሚክ ነው አሉ። ልጄ እሷን ካጣ አበደ ማለት ነው። እናቷ አፈር ቤት ልጄን አልሰጥም ቢሉስ? እባክህን ሸፍንልን አሉኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ ሁለቱም ቤት እፎይ ይል ነበር። ግን ፈርሜያለሁ፤ ምያለሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ታብሌቱን ዘጋሁ። «አፈር» የሚለውን የነካሁት እንኳ ደጅ ወጥቼ ነው።

ልጆቹ ተጋቡ። ከሁለቱም ወገን ተጠራሁ፤ ሁለቱም ምስጢራችንን የጠበቀ ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ፓስተሩ ትዳር በእውነት ላይ ይቁም ብለው ሲሰብኩ፣ እማማ በዚያ፣ አባወራው በዚህ በኩል እኔን እያዩ ከማንም በላይ ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ።

በቅርቡ ሙሽሮቹን ልጠይቅ ሴቻ ሰፈር የተከራዩት ቤት ሄድኩ። ሙሽሪት አየችኝና ሳቀች። «መምህር፣ የሁለቱንም ወለል አይተዋል አሉ። ለእማዬ የእነሱ ቤት እብነ በረድ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ለአባቱ ደግሞ የእኛ ሴራሚክ ነው ያለው እሱ ነው።»

ለምን? ብዬ ጮህኩ። ያን ሁሉ እንባ፣ ያን ሁሉ ጭንቀት!

«ፕላስቲክ አንጥፊ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ይሄን በነገርኳት በሳምንቱ ጥቅሉን አስጭና መጣች። የእሱ አባትም እንዲሁ።»

ወደ እነሱ ወለል አየሁ። ባዶ ሲሚንቶ ነው፣ ያውም የተሰነጠቀ። እናንተስ አታነጥፉም ወይ? አልኳቸው።

«እኛማ ተጋብተናል!» አለ ሙሽራው።