አራስ በስልክ አይጠየቅም

እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨርም ሆነ አውሮራ አንዲት ሐበሻ ከወለደች፣ ከሐኪሙ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሐኪሙ ቀድመው የሚሰሙ አንዲት ሴትዮ አሉ። እናንተም ሰፈር አይጠፉም። የገንፎ ድስታቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ መኪናቸውን በተከለከለ ቦታ ፓርክ አድርገው፣ ሳያንኳኩ ይገባሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእሳቸው ነው።

ለእኔ የደረሱኝ የሎውሪና የአካባቢዋ አራሶች የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ናቸው። እኛ እትዬ ዘርፌ እንላቸዋለን።

እትዬ ዘርፌ ሕግ አላቸው። አራስ ቀዝቃዛ ውኃ አትነካም። አራስ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። የአራስ አናት ቅቤ አይለየውም። ትልቋ ልጄ ሄራን አልጋዬ ላይ ወጥታ "ማሚ፣ ዩ ስሜል ላይክ ዶሮ ወጥ" ስትለኝ፣ እሳቸው በኩራት ፈገግ አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አራስ ስለ ሥራ አታስብም። ስለ ሥራ ትንፍሽ ካልኩ መልሳቸው ያው ነው፤ "ሥራው የትም አይሄድም። ይልቅ ብዪ።"

እኔ ግን ሲሄድ አይቻለሁ። ነርስ ነኝ። ሄራንን ወልጄ እረፍት ላይ ሳለሁ፣ ቃል የተገባልኝ የፈረቃ ኃላፊነት ከእኔ በኋላ ለተቀጠረች ልጅ ተሰጠ። ስመለስ "ከልጅሽ ጋር ሳለሽ እንዳንረብሽሽ ብለን ነው" አሉኝ። እንዲህ ያለውን ደግነት ለጠላቴም አልመኘው።

ስለዚህ ሁለተኛውን፣ ሊዑልን ልወልድ ስወጣ አለቃዬን ጃኔትን "የኃላፊነት ቦታ ከተከፈተ ደውዪልኝ፣ አደራ፣ ረብሺኝ" አልኳት። እሷም ቃሏን ጠብቃ ደወለች። እኔ ተኝቼ ነበር። ስልኩን ያነሱት እትዬ ዘርፌ ናቸው።

"አንዲት ፈረንጅ ደውላ ነበር" አሉኝ ስነቃ፣ የሊዑልን ልብስ እያጣጠፉ።

"ምን አለች?"

"እኔ ምን አውቄ። አራስ በስልክ አይጠየቅም ብያታለሁ። ቤቱን በሄራን አፍ አስነግሬያታለሁ፣ ሐሙስ ትመጣለች።"

ክው አልኩ። "እትዬ ዘርፌ፣ አለቃዬ እኮ ናት።"

"አለቃ ከሆነችማ ባዶ እጇን አትመጣም።"

ባለቤቴ ስለሺ ሳቁን ሊደብቅ ወደ መኪናው ወረደ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ለጃኔት ደወልኩ። "አንዲት ወይዘሮ ነይ ብላ አዘዘችኝ፣ እምቢ ማለት ፈራሁ" አለች። ስለ ቦታው ስጠይቃት "ስመጣ እናወራለን" ብላ ዘጋችው። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

ሐሙስ ጃኔት ከሊትልተን አበባና የሕፃን ካልሲ ይዛ መጣች። እኔ በቅቤ ርሼ፣ ራሴን በነጠላ ጠምጥሜ አልጋ ላይ ነኝ። በዚህ ሁኔታ አንድ ፈረቃ ሙሉ ልምራ ብዬ ማንን ላሳምን? እትዬ ዘርፌ ገንፎውን አቀረቡላት። ከዳር ቆርሳ መሃል ያለው ቅቤና በርበሬ ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ደገመች።

"ይቺስ ሰው ናት" አሉ እትዬ ዘርፌ።

ጃኔት ማንኪያዋን አስቀምጣ ቦታው መከፈቱን፣ እኔም ከታሰቡት አንዷ መሆኔን ነገረችኝ። "ሥራው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል" አለች። ዓይኗ ሊዑል ላይ ነው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ልጁን ማን ይይዝልሻል ብሎ መጠየቅ አለቃን ጣጣ ውስጥ ይከታል፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅሽም፣ ሁሉም ግን መልሱን በሆዱ ጨርሶታል። እውነቱን ለመናገር ልጁን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። ስለሺ በዚያ ሰዓት ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ነው።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ዘርፌ። ነገርኳቸው። ሊዑልን አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፉትና ወደ ጃኔት ዞሩ።

"ቤቢ፣ ሚ። ሞርኒንግ፣ ሚ። ሲክ፣ ሚ። ሺ፣ ወርክ።"

ጃኔት ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ትታ ትክ ብላ አየቻቸው። "ለቃለ መጠይቁ ሰኞ በቪዲዮ እንገናኝ" አለችኝ።

ከሄደች በኋላ ጠየቅኳቸው። "እርስዎ አይደሉ እንዴ ስለ ሥራ አታስቢ የሚሉኝ?"

"አራስ ስትሆኚማ እኔ አስብልሻለሁ።" ሊዑልን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛውረው፣ "አዲስ አበባ ታይፒስት ነበርኩ። ሁለተኛዬን ስወልድ ልጅ የሚይዝልኝ አጣሁና ቤት ቀረሁ። ሥራውማ እዚያው ነበር፤ የትም አልሄደ። የሄድኩት እኔ ነኝ" አሉ። "በይ ብዪ።"

እያለቀስኩ በላሁ።

ሰኞ ጠዋት ቅቤውን ራሳቸው አጠቡልኝ፣ ዘመድ የሞተባቸው ያህል እያዘኑ። ቦታውን አገኘሁት። ይኸው አሁን ሳይነጋ በሬ ላይ ናቸው፤ ሊዑልን ተቀብለው "ሂጂ፣ ታረፍጃለሽ" እያሉ ይገፈትሩኛል። ኩሽናዬን እንደፈለጉ አድርገውታል፤ ጨው ስፈልግ እሳቸው ጋ መደወል አለብኝ። እንዲህ የሚያናድደኝ ሰው የለም፤ አንድ ቀን ቢቀሩ ግን ምን እንደሚውጠኝ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ግሌንዴል የምትኖረው ጓደኛዬ ኤልዳና ወለደችና ድስቱን ተሸክሜ እትዬ ዘርፌን ተከተልኩ። እሳቸው ወደ ኩሽና ሲገቡ ኤልዳና እጄን ያዘችኝ። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ከመውለዷ በፊት ለእድገት ታጭታ ነበር።

"ስመለስ የሚያስታውሰኝ ይኖር ይሆን?" አለችኝ።

"ሥራው የትም አይሄድም" የሚለው አፌ ላይ መጣና አልኩት። እትዬ ዘርፌ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከኩሽና ብቅ ብለው አዩኝ። አላበቃሽም ማለታቸው ነው።

"ማክሰኞና ሐሙስ እረፍቴ ነው" አልኳት። "ልጅቷን እኔ ጋ ታመጫታለሽ።"